ያድጋል ብዬ ያሰፋሁት ካፖርት

ልጄ በአንድ ዓመት ሁለት ጃኬት ጨረሰ። ጨረሰ ስል ለብሶ አሳረጃቸው ማለቴ አይደለም፤ ጃኬቶቹ ራሳቸው አለቁ። የመጀመሪያው በገዛሁት በሳምንቱ የዚፑ ጥርስ ረገፈ። ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ከሰል ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያጠና፣ እሳቱ ሳይነካው በወላፈኑ ብቻ እጅጌው ተኮማተረና እንደ ላስቲክ ደረቀ። ሁለቱንም የገዛሁት ዊንጌት መንገድ ዳር ሸራ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ነው። ሲታዩ ያብለጨልጫሉ። ልጁ ለብሷቸው ሲሄድ ገና ከሩቅ ሿ ሿ ሲሉ ይሰማሉ።

እኔ ጥጥ ፈታይ ነኝ። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ማግ እፈትላለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ክር ብታስነኩኝ የትኛው ጋቢ ሆኖ ዐሥር ዓመት እንደሚያገለግል፣ የትኛው በሁለተኛ እጥበቱ እንደሚሳሳ በጣቴ ዐውቃለሁ። ታዲያ ይህን እያወቅሁ ለገዛ ልጄ ያንን አልብሼ መላኬ ያሳፍረኝ ነበር። በትምህርት ቤት ልጆች «ዝናብ መጣ፣ ጃኬትህን ደብቃት» ይሉታል። ይህንንም እሱ አልነገረኝም፤ ጎረቤቴ ናት ከልጇ ሰምታ የነገረችኝ።

ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። አባቱ ከሞተ አራተኛ ዓመታችን ነው። ባለቤቴ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ካፖርቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ወፍራም ሱፍ ነው፤ ሁለቱን እጆች ይሞላል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንኳ እሱን ለብሶ የቆመን ሰው አያገኘውም ነበር። ጀርባውና ክርኑ በፀሐይ ብዛት ነጥቷል እንጂ አንዲት ክር አልተመዘዘችም። ሁለተኛው ጃኬት የደረቀ ዕለት ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ገለባብጬ አየሁት። ከውስጥ በኩል ገና ትናንት ከጣቃ የተቆረጠ ይመስላል። በቃ፣ ይገለበጣል አልኩ።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮት ውጪው ሲነጣ ልብስ ሰፊው ስፌቱን አንድ በአንድ ይፈታዋል፤ የውስጡን ወደ ውጪ አዙሮ እንደገና ይሰፋዋል። አዲስ ይሆናል። የሚታወቀው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቁልፉም እንደ ሴት ልብስ በግራ በኩል ይውላል።

ወደ ዊንጌት መታጠፊያው ላይ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካፖርቱን መጀመሪያውኑም ለባለቤቴ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሰው ይፈራቸዋል፤ ሥራ ቶሎ አይጨርሱም፣ ቶሎ አድርሱልኝ የሚላቸውንም አይወዱም። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ወዲያው ዐወቁት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

«ዐውቃለሁ አባቴ። ለልጁ እንዲገለብጡልኝ ነው።»

ልጄን አቁመው ለኩት። ሜትሩን አንገታቸው ላይ መልሰው ወደኔ ዞሩ።

«ስሚ፤ እጅጌውንና ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ አስቀምጥልሻለሁ፤ ሲያድግ ይለቀቃል። ትከሻ ግን አይታጠፍም። በልኩ ልቁረጠው።»

«ከተቆረጠ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው አይቆረጥ። ያድጋል እኮ።»

«እስኪያድግ ውስጡ ሲንገዋለል ሊኖር ነው? ይኼን ልጅ አላየሽውም? መስቀያ ነው የሚመስለው።»

ልጄ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በልቤ እያሰላሁ ያለሁት ስንት ክረምት እንደሚያወጣ ነው። ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት፤ ከዚያም ትዳር እስኪይዝ ድረስ። ልብስ ሲሰፋ አስፍቶ ማሰፋት እናቴም ያደረገችው፣ የሰፈራችን እናት ሁሉ የምታደርገው ነው። በልክ ማሰፋት ልጁ እንደማያድግ ማሰብ ይመስለን ነበር።

«ትከሻውን ጥጥ ይሙሉበት» አልኳቸው። «ጥጡን እኔ አመጣለሁ።»

አመጣሁም። ለፈትል ካዘጋጀሁት፣ ተነድፎ ከተጠቀለለው ባዘቶዬ ላይ ቀንሼ በነጠላ ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ዳሰሱትና «ለትከሻ መሙያ ይበዛበታል፤ ያሳዝናል» አሉ። ቢሆንም ሞሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ካፖርቱ ደረሰ። ልጄ ሲለብሰው አባቱ በር ላይ የቆመ መሰለኝ። አንገቱ ቀጥ፣ ትከሻው ሰፋ፣ እጁ ከእጅጌው በልኩ ወጣ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቁልፉ ለምን በሴት በኩል ሆነ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«የውጭ አገር ፋሽን ነው አልኳቸው። አመኑኝ።»

ያን ወር እንዲህ ደስ ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደስ ያለኝ ወር ስለሌለ እዚሁ ልጽፈው ብዬ ነው።

ፍርሃቱ የጀመረው በምስጋና ነው። ጎረቤቴ፣ ያችው ላምባ የምትሸጠዋ፣ አንድ ጠዋት አጥር ላይ ተደግፋ ልጄ ሲያልፍ አየችውና «አንቺ፣ ልጅሽ እኮ ሰው ሆነ» አለችኝ። «ከኋላው ሳየው አባቱ መሰለኝና ሰላም ልለው ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ቀበሌው ዐሥራ ስምንት የሞላቸውን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና እየመዘገበ ነው፤ የተመዘገበው አልሞላ ስላለ ደግሞ ከመንገድ እያፈሱ ነው ይባል ነበር። ከታችኛው ሰፈር አንዱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ጎረቤቴ ስትናገር እጄ ላይ የነበረው እንዝርት ወደቀ። ሰው ሆነ። ሰው የሆነ ነው የሚፈለገው።

ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን በሌላ ዐይን አየው ጀመር። ጠዋት ልጄ ሲወጣ ከበር ቆሜ ከኋላው አየዋለሁ፤ ዐሥራ አምስት ይመስላል? አይመስልም። ሃያ ይመስላል። ሮጬ እደርስበትና «አውልቀው፣ ዛሬ ይሞቃል» እለዋለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«አውልቀው አልኩህ። ያችን ጃኬት ልበስ።»

«የቷን? እጅጌዋ የደረቀችውን?»

እውነቱን አልነገርኩትም። ብነግረው የሚፈራ መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ የሚኮራ። በዚያ ዕድሜ ሁለቱ ቅርብ ናቸው። አንዳንድ ቀን እሺ ብሎ ጃኬቷን ይለብሳል፤ አንዳንድ ቀን እኔ ጥጥ ልገዛ ስወጣ ጠብቆ ካፖርቱን ለብሶ ይሄዳል። እኔም ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። አንድ ልቃቂት ሳልጨርስ ተነሥቼ እስከ አስፋልቱ ወርጄ አይቼ እመለሳለሁ። የፈተልኩት ክር አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ሸማኔው እየሳቀ «እትዬ፣ ይኼን የፈተሉት እየሮጡ ነው?» አለኝ። አልዋሸም።

አንድ ቀን ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ልጄ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነበረው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ አየሁት፤ ዝም አልኩ። ብርዱ አሳሰበኝና ነው። ልጄ በብርድ እንዳይታመም ብዬ ዝም ያልኩባት ያቺ ደቂቃ እስከዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጎረቤቴ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች። «ታክሲ መቆሚያው ጋ እያፈሱ ነው። ያንቺን ልጅ መኪና ላይ ሲያወጡት የኔው ልጅ አይቶታል። ወደ ቀበሌ አዳራሽ ወስደዋቸዋል።»

ምን እንደያዝኩ አላስተዋልኩም። የክርስትና ካርዱን ከሣጥን አወጣሁ። ያችን እጅጌዋ የደረቀች ጃኬትም በብብቴ አድርጌያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። በባዶ እግሬ እንደወጣሁ ያየሁት ደግሞ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ነው።

አዳራሹን ዐውቀዋለሁ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት እዚያ ነው፤ ይህን የምጽፍበትን ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን አግዳሚዎቹ ላይ ወጣቶች ተደርድረዋል፤ ሠላሳ ይሆናሉ፣ አርባም ይሆናሉ። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ልጄን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከሁሉም ትከሻው ሰፊ እሱ ነው።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱን ዐውቃታለሁ። «እማማ፣ ይመለሱ» አለኝ።

«ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ይኸው ካርዱ።»

«ካርድማ ዛሬ ያላመጣ እናት የለም። ሁሉም ዐሥራ አምስት ነው።»

«የኔ እውነት ነው።»

«እዚያ ያለው ነው ዐሥራ አምስት? ባለካፖርቱ?» ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ጮክ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ባለትከሻ ዐሥራ አምስት ነው ይላሉ።»

ሳቁ። አግዳሚው ላይ ያሉትም ሳይቀሩ ሳቁ። ሊቀመንበሩ መዝገቡ ላይ እንዳጎነበሰ «ተነሥ እስቲ» አለው። ልጄ ተነሣ። ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ባይቆም ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ግን ካፖርቱ ራሱ ቀጥ ያደርጋል፤ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሰፋው።

ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አየው። «እናት፣ ይኼ ትከሻ የዐሥራ አምስት ዓመት ነው?»

«ትከሻው የሱ አይደለም» አልኩ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የአባቱ ነው። የሞተ ሰው ነው። ውስጡ ደግሞ ጥጥ ነው፤ እኔ ነኝ ያስሞላሁት። ያድጋል ብዬ።»

እንደገና ሳቁ። ጥበቃው «እማማ፣ ሰው በጥጥ ይሠራል እንዴ?» አለ። እኔ ግን አልፌው ገብቼ ነበር። ማን እንደፈቀደልኝ አላውቅም። ልጄ ፊት ደርሼ ቁልፎቹን መፍታት ጀመርኩ። «እማዬ ተይ» አለኝ በቀስታ። «እማዬ፣ ሰው ያያል።» አላዳመጥኩትም። ካፖርቱን አወለቅሁትና ጠረጴዛው ላይ፣ መዝገቡ አጠገብ ዘረጋሁት። የትከሻውን ስፌት በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩ። አልለቀቀም። በጥርሴ ያዝኩት። አልለቀቀም። አንዲት ክር እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ ዓይነት ስፌት የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት የጠበቅሁትም ለዚሁ ነው። አሁን ልጄንና ቤቱን የለየው እሱ ሆነ።

ሊቀመንበሩ እርሳስ የሚቀርጽበትን ምላጭ ከመዝገቡ ላይ አንሥቶ በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋው። ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። ሊስቅ ፈልጎም ይሆናል፤ እናቱን አስታውሶም ይሆናል።

ገበሩን ሰነጠቅሁት። ባዘቶዬ ወጣ። ነጭ ነው፤ እጄ የነደፈው ነው፤ የትም ባየው ዐውቀዋለሁ። ከቀኙም ከግራውም ጎትቼ መዝገቡ ላይ ከመርኩት። «ይኸው ትከሻው» አልኩ።

ከዚያ ሁሉም ልጄን አዩት። በሸሚዝ ብቻ ቆሟል። የአንገቱ አጥንት ወጥቷል፤ ክንዱ እንደ እንዝርት ዘንግ ቀጥኗል፤ ይንቀጠቀጣል። በብርድ ይሁን በኀፍረት ለይቼ መናገር አልችልም። ያችን ጃኬት ከብብቴ አውጥቼ አለበስኩት። እጅጌዋ ክርኑ ጋ ቀረ። እንዲያውም ዐሥራ ሁለት መሰለ።

ሊቀመንበሩ ጥጡን በእጁ ከመዝገቡ ላይ ጠራረገ። «ልጅሽን ውሰጂው» አለ። «ይኼን ልብስም ሁለተኛ እንዳታለብሺው።»

ካፖርቱንና ጥጡን ሰብስቤ፣ ልጄን በክንዱ ይዤ ወደ በሩ ዞርኩ። አግዳሚው ዳር ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት ነበር፤ ሃያም አይሞላው። ስስ ሸራ ኮት ለብሷል፤ ከላዩ የሚፈታ ነገር የለውም። ባጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ ፈገግ አለና «እማማ፣ የኔንስ ትከሻ አይተረትሩልኝም?» አለኝ።

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም የልጄን ክንድ እንደያዝኩ አለፍኩ። አሁንም ጥጥ ስነድፍ ድምፁ ይመጣብኛል። እንጦጦ ማርያም ስወጣ ለሱም እለምናለሁ፤ ስሙን ስለማላውቅ «ያ ሸራ የለበሰው» ነው የምላት።

ልጄ አኮረፈኝ። ለሦስት ቀን አልተናገረኝም። በአራተኛው ቀን እንጀራ ሳቀርብለት ሳያየኝ «እነሱ ሲወስዱኝ ሳይሆን አንቺ ስታወልቂኝ ነው ያፈርኩት» አለ።

«ይሳቁብህ» አልኩት። «የተሳቀበት ቤቱ ይገባል።»

«ሁለተኛ አልለብሰውም።»

«አትልበሰው።»

የተሰነጠቀውን ካፖርት ይዤ ወደ አዛውንቱ ሄድኩ። ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነው ይኼን የቀደደው? የኔ ስፌት እንዲህ አይለቅም።»

«አለቀቀም አባቴ። ምላጭ ነው ያስለቀቀው። እኔ ነኝ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ትተው ሰሙኝ። ስጨርስ «አሁን ትከሻውን ይቁረጡልኝ፤ በልኩ ያድርጉት» አልኳቸው። ጨርቁን ገለባብጠው ዳሰሱት።

«አልቆርጠውም» አሉ በመጨረሻ። «ብቆርጠው በዓመቱ ይጠበዋል። ልጁ ማደጉን በመቀስ አናስቀረው።»

ከዚያ ያደረጉትን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ጥጡን መልሰው ከተቱና የትከሻውን ገበር በመኪና ሳይሆን በእጃቸው፣ ሰፋ ሰፋ አድርገው፣ ላላ አድርገው ሰፉት። የክሩን ጫፍ ከአንገትጌው ሥር ትንሽ አስወጥተው ተዉት። «ይቺን ክር ስትስቢያት ሁሉም ባንዴ ይከፈታል» አሉኝ። «ምላጭ አትለምኚም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ስሰፋ አርባ ዓመት ሆነኝ። እንዲለቅ ብዬ የሰፋሁት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

ልጄ እንዳለው አልለበሰውም። ስለዚህ እኔ ለበስኩት። ቁልፉም በሴት በኩል ነው። ሽሮ ሜዳ ፈትል ላደርስ ስወርድ ሸማኔዎቹ «ጓድ እትዬ መጡ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ አልከፋም። ሁለት ክረምት ለበስኩት፤ ዝናብ አላስገባም፣ አንድ ቁልፍ አልጣለም። በእነዚህ ሁለት ክረምቶች ልጄ ስንት ጃኬት እንደቀያየረ መቁጠር ትቻለሁ። አሁን እኔው ነኝ የምገዛለት፤ መርጬ፣ ጠባቡን፣ አጭሩን፣ ቶሎ የሚያልቀውን። ዚፑ እንደሚረግፍ እያወቅሁ እገዛለሁ። በየስድስት ወሩ አዲስ፣ በየስድስት ወሩ ልጅ የሚያስመስል። ለጥሩ ጨርቅ ዕድሜዬን የሰጠሁ ሴት መሆኔን ሸራው ላይ አጎንብሼ ስመርጥ ያየኝ ሰው አያምንም።

በወር አንድ ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ካፖርቱን እንዲሞክረው አደርጋለሁ። እቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ። መጀመሪያ ጥጡን አወጣለሁ፤ ክሩን ስስባት እንዳሉት ባንዴ ይከፈታል፤ በኋላ በመርፌ እመልሳታለሁ። እሱ የሚመስለው ካፖርቱ ልኩ የሚሆንበትን ቀን የምቆጥርለት ነው። ኩርፊያው አልፏል፤ እንዲያውም ይጓጓል። እኔ ጣቴን በትከሻው አጥንትና በስፌቱ መካከል አስገባለሁ። ያን ሐምሌ አራት ጣቴ በደንብ ይገባ ነበር። አምና ሦስት። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሆነ።

ይህን የምጽፍበትን ደብተር የባዘቶው ቅርጫት ሥር ነው የማኖረው። ዛሬ ጠዋት ለክቼው ነበር። ከኋላው ቆሜ ጣቴን ሳስገባ አንዱ ገባ፤ ሁለተኛው አልገባም። እንደገና ሞከርኩ፤ ምናልባት እጄ ወፍሮ ይሆናል ብዬ። አልገባም። ትከሻው ሞቃት ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢይዙት ክሩን ብስባት ወጥቶ የሚያሳንሰው ነገር አይኖርም።

«እማዬ፣ ልኬ ሊሆን ነው እኮ» አለኝ ሳይዞር። ድምፁም ወፍሯል።

«ገና ነው» አልኩት። «አውልቀው።»